ከናይሮቢ ወደ ናይሮቢ

እ.ኤ.አ. እስከ 2000 መገባደጃ ናይሮቢ ውስጥ ከአንድ ቢሮ ፊት ለፊቱ ወዳለው ቢሮ የተላከ ኢሜይል፣ ላኪና ተቀባይ የተለያዩ የኢንተርኔት ኩባንያዎች ደንበኞች ከሆኑ፣ በሳተላይት አሜሪካ ወይም አውሮፓ ደርሶ ይመለስ ነበር። የደርሶ መልሱ ሒሳብ በዶላር ይከፈላል።

መፍትሔው በቴክኒክ በኩል ከባድ አይደለም። ኩባንያዎቹ በጋራ ክፍል ይከራያሉ፤ ስዊች ያስቀምጣሉ፤ እያንዳንዱ መስመሩን እዚያ ድረስ ይስባል። ራውተሮቻቸውም በየኔትወርካቸው ያሉትን አድራሻዎች እርስ በርስ ያሳውቃሉ፤ የአገር ውስጡ ዳታ በዚያው ይተላለፋል። እንዲህ ያለው ማዕከል ኢንተርኔት አይሸጥም፣ የሚያገናኝ ቦታ ብቻ ነው። አስቸጋሪው ተፎካካሪዎች የሚተማመኑበት ባለቤት ማግኘት ነው። በኬንያ ይህን ኃላፊነት የወሰደው የአገልግሎት ሰጪዎቹ ማኅበር ቴስፖክ ነበር።

ማዕከሉ በኅዳር 2000 ተከፈተ። ሁለት ሳምንት ያህል እንደሠራ ግን በቴልኮም ኬንያ አቤቱታ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አዘጋው። ቴልኮም ዓለም አቀፍ ዳታ የማስተላለፍ ብቸኛ መብት የእኔ ነው ይል ነበር። ክርክሩ የቆመበት መሠረት ያስገርማል፤ በማዕከሉ የሚያልፈው ከመጀመሪያውም ከአገር መውጣት ያልነበረበት ዳታ ነውና። በእኔ እምነት ጥበቃ የተደረገለት መብቱ ሳይሆን ከዙሪያ ጥምጥሙ መንገድ የሚገኘው ገቢ ነበር። የሥራ ፈቃድ ለማግኘት አንድ ዓመት ገደማ ፈጀ፤ ማዕከሉ በየካቲት 2002 እንደገና ሥራ ጀመረ። ቴልኮምም በኋላ ራሱ ገባበት።

ከ200 እስከ 600 ሚሊሰከንድ ይፈጅ የነበረው ምልልስ ከ2 እስከ 10 ወረደ። ከዚህ የሚበልጠው ለውጥ ግን ቀስ ብሎ የመጣው ነው። መገናኛው ሲኖር ጉግልን የመሰሉ ኩባንያዎች ይዘታቸውን የሚያስቀምጡባቸውን ሰርቨሮች ወደ አገሪቱ አመጡ። ኢንተርኔት ሶሳይቲ ባወጣው ጥናት መሠረት በ2012 ከኬንያ ትራፊክ ከአገር ውስጥ የሚገኘው 30 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2020 ወደ 70 በመቶ አድጓል።

እኛ ዘንድ፣ በኢትዮጵያ፣ ሳፋሪኮም በጥቅምት 2022 አገልግሎት እስኪጀምር ድረስ ሕዝቡን የሚያገለግለው ኦፕሬተር አንድ ብቻ ስለነበር፣ ማን ከማን ጋር ይለዋወጣል የሚለው ጥያቄ ክብደት አልነበረውም። አሁን አለው። መገናኛው ከሁለቱ በአንዱ ግቢ ቢተከል ሌላው በተፎካካሪው በር ለመግባት ይገደዳል፤ ባንኮችና ዩኒቨርሲቲዎችም የየራሳቸውን ኔትወርክ ይዘው ሲመጡ የሚያስተናግዳቸው ከሁለቱም ገለልተኛ የሆነ አካል ቢሆን ይሻላል።