በቀን 400 ሰው ብቻ፦ በፈረንሳይ የምትገኘውን የሱጂቶን ባሕር ዳርቻ ለመጎብኘት ምን ማወቅ ያስፈልጋል?

በደቡባዊ ፈረንሳይ፣ ከማርሴይ ከተማ ጫፍ ብዙም ሳይርቅ፣ በነጭ ገደሎች መካከል የተሸጎጠች አንዲት ትንሽ የባሕር ዳርቻ አለች። ውሃዋ ከከፍታ ላይ ሲታይ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ጥልቅ ሰማያዊ ይመስላል። ከድንጋይ ስንጥቆች መካከል የበቀሉ የጥድ ዛፎች እስከ ውሃው አፋፍ ድረስ ይወርዳሉ። ስሟ ሱጂቶን ይባላል።

ወደዚህች ዳርቻ ለመግባት ክፍያ አይጠየቅም። ሆኖም በአውሮፓ የበጋ ወራት፣ ማለትም ኢትዮጵያ ክረምት ላይ በምትሆንበት ወቅት፣ ወደዚያ የሚወርድ ሰው አስቀድሞ ተመዝግቦ ፈቃድ መያዝ ይኖርበታል። በአንድ ቀን ፈቃድ የሚሰጠው ለ400 ሰዎች ብቻ ነው። አሠራሩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ከመጀመሩ በፊት ግን ሰው በሚበዛባቸው ቀናት እስከ 2 ሺህ 500 የሚደርሱ ጎብኚዎች ይጎርፉባት ነበር።

አንድን የባሕር ዳርቻ ለመጎብኘት ቀጠሮ መያዝ ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነው። ከውሳኔው ጀርባ ያለው ምክንያት ምንድን ነው? ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ ሰውስ እንዴት መዘጋጀት አለበት?

ካላንክ ምንድን ነው?

ከማርሴይ እስከ ካሲ ከተማ የሚዘልቀው፣ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የባሕር ጠረፍ ከኖራ ድንጋይ በተሠሩ ተራሮች የታጠረ ነው። ባሕሩ በእነዚህ ተራሮች መካከል እየሰነጠቀ የገባባቸው ጠባብና ገደላማ ወሽመጦች በአገሬው ቋንቋ ካላንክ ይባላሉ። ሱጂቶን ከእነዚህ አንዷ ናት።

ካላንኮች በአንድ ወቅት ደረቅ ሸለቆዎች ነበሩ። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን፣ በምድር ላይ ያለው ውሃ ብዙው በግግር በረዶ ተይዞ በነበረበት ጊዜ፣ የባሕሩ ወለል ከዛሬው ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ ከፍ አለና ሸለቆዎቹን ሞላቸው።

ለዚህ ታሪክ ሕያው ምስክር የሚሆነው ከሱጂቶን ጋር በሚጎራበተው የሞርዥዩ ተራራማ ጠረፍ ሥር የሚገኘው የኮስኬ ዋሻ ነው። አንሪ ኮስኬ የተባለ ጠላቂ በ1985 ያገኘው ይህ ዋሻ መግቢያው ከባሕር ወለል በታች 37 ሜትር ላይ ነው። በውስጡ የጥንት ሰዎች የሣሏቸው የፈረሶች፣ የባሕር አእዋፍና የእጅ አሻራ ሥዕሎች ተገኝተዋል። ከሥዕሎቹ አንዳንዶቹ 27 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። ሰዎቹ ወደ ዋሻው የገቡት በእግራቸው ነበር። ዛሬ ዋሻው ለሕዝብ ዝግ ሲሆን፣ አምሳያው በ2022 ማርሴይ ከተማ ውስጥ ለጎብኚዎች ተከፍቷል።

ገደቡ ለምን አስፈለገ?

አካባቢው በ2012 የካላንክ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከልሏል። የፓርኩ እምብርት 8 ሺህ 500 ሄክታር የብስና ከ43 ሺህ ሄክታር በላይ ባሕር ያካትታል። ከሌሎች ብሔራዊ ፓርኮች የሚለየው የፈረንሳይ ሁለተኛ ትልቅ ከተማ ደጃፍ ላይ መገኘቱ ነው። ከከተማዋ መሐል ተነስቶ በሕዝብ አውቶቡስ ብቻ ወደ ፓርኩ አፋፍ መድረስ ይቻላል። ይህ ለነዋሪው ትልቅ ጸጋ፣ ለተፈጥሮው ደግሞ ትልቅ ፈተና ሆኗል።

የችግሩ መነሻ ቆሻሻ ወይም ጩኸት ብቻ አይደለም፤ የሰው እግር ራሱ ነው። በኖራ ድንጋዩ ላይ ያለው የአፈር ሽፋን እጅግ ስስ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ እግሮች በየዕለቱ ሲረግጡት አፈሩ ይላላል፤ ዝናብ ሲመጣም ተጠርጎ ወደ ባሕር ይወርዳል። የጥዶቹ ሥር ራቁቱን ይቀራል። ከዛፎቹ የሚረግፈው ዘር የሚይዘው አፈር ስለማያገኝ አይበቅልም፤ የበቀለውም ቡቃያ ይረገጣል። እንዲህ ባለ ሁኔታ አሮጌዎቹ ዛፎች ሲወድቁ የሚተካቸው አይኖርም። ጎብኚዎች ለጥላው ሲሉ ከሥሩ የሚቀመጡበት ዛፍ የሚጎዳው በዚያው በመቀመጣቸው ነው።

የአፈር መሸርሸር ለኢትዮጵያና ለጎረቤቶቿ አርሶ አደሮች አዲስ ነገር አይደለም። በደጋው ተዳፋት ላይ አፈርን ጎርፍ እንዳይወስደው እርከን የሚሠራበትና መሬት ከንክኪ ተከልሎ እንዲያገግም የሚደረግበት ምክንያት ከሱጂቶን ገደብ ጋር ተመሳሳይ ነው። አፈር ለመጥፋት ጥቂት ክረምቶች ይበቁታል፤ ተመልሶ ለመፈጠር ግን የሰው ዕድሜ አይበቃውም።

የፓርኩ አስተዳደር ገደብ ከመጣሉ በፊት ሌላ ዘዴ ሞክሮ ነበር። በ2021 በድረ ገጹ ላይ ማራኪ ምስሎችን ከማሳየት ይልቅ የተጨናነቁ ዳርቻዎችን በማቅረብና የመንገዱን አድካሚነት በመግለጽ ሰዎች እንዳይመጡ ለማሳመን ጥሯል። የተፈጥሮ መስህብን የሚያስተዳድር ተቋም ጎብኚን ለመቀነስ ሲቀሰቅስ ማየት ያልተለመደ ነው። በሱጂቶን ግን ይህ ብቻውን በቂ ሆኖ ስላልተገኘ በቀጣዩ ዓመት የምዝገባ ግዴታው መጣ።

ፈቃዱ እንዴት ይገኛል?

ምዝገባው የሚካሄደው በፓርኩ ድረ ገጽ በኩል ሲሆን በነጻ ነው። ባለፉት ዓመታት በነበረው አሠራር ምዝገባው የሚከፈተው ከጉብኝቱ 3 ቀን ቀደም ብሎ ነው። በዚህ ምክንያት ከወራት በፊት ቦታ መያዝ አይቻልም፤ ከሩቅ የሚመጣ መንገደኛም ጉዞውን ሲያቅድ ሱጂቶን ባይሳካለት የሚሄድበትን ሌላ ቦታ አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል። ግዴታው የሚጸናባቸው ቀናት በየዓመቱ ስለሚወሰኑ ከመነሳት በፊት ማጣራት ይገባል።

ለተመዘገበ ሰው በስልክ ላይ የሚታይ ኪውአር ኮድ ይላክለታል። ወደ ዳርቻዋ በሚወስደው መንገድ ላይ የቆሙ ሠራተኞች ኮዱን ይመረምራሉ። ያለ ፈቃድ የተገኘ ሰው 68 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። የስልክ መስመር በገደሎቹ መካከል ላይሠራ ስለሚችል ኮዱን አስቀድሞ በስልክ ላይ ማስቀመጥ ወይም በወረቀት አትሞ መያዝ ይመረጣል።

ፈቃድ እያለም መንገዱ ሊዘጋ ይችላል

ከጥድ የሚወጣው ሙጫ፣ የበጋው ድርቀትና ሚስትራል የተባለው ኃይለኛ የሰሜን ነፋስ አካባቢውን በቀላሉ ለእሳት የተጋለጠ ያደርጉታል። በመሆኑም ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 30 ባለው ጊዜ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የአካባቢው የመንግሥት አስተዳደር ወደ ተራሮቹ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ በየዕለቱ ይወስናል። የማግስቱ ውሳኔ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ በካርታ ላይ በቀለም ይገለጻል። አካባቢው ቀይ ሆኖ ከታየ መግባት ክልክል ነው፤ የተያዘ ፈቃድም ዋጋ አይኖረውም። ሲጋራ ማጨስና እሳት መለኮስም የተከለከለ ነው።

ጉዞውና ስንቁ

ማርሴይ በፈጣን ባቡር ከፓሪስ 3 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃዎች የሚወስድ ጉዞ ነው። ከሳን ሻርል ባቡር ጣቢያ ሁለተኛውን የሜትሮ መስመር ይዞ ወደ ካስቴላን ወይም ወደ ሮን ፕዋን ዱ ፕራዶ መሄድ፣ ከዚያም ቢ1 በተባለው አውቶቡስ እስከ ሉሚኒ መጓዝ ይቻላል። ሉሚኒ የዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ የሚገኝበት የመጨረሻው ፌርማታ ነው። የእግር ጉዞው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እስከ ዳርቻዋ ያለው መንገድ ለጤናማ ጎልማሳ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይወስዳል። የመጀመሪያው ክፍል ሰፊና ቀላል ሲሆን፣ የመጨረሻው ግን ቁልቁል የሚወርድና በድንጋይ የተሞላ ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት መልሱን ነው፤ ሲሄዱ ቁልቁል የነበረው መንገድ ሲመለሱ በቀትር ፀሐይ አቀበት ይሆናል። በነጠላ ጫማ መሄድ ለመንሸራተት ይዳርጋል።

በመንገዱም ሆነ በዳርቻዋ የመጠጥ ውሃ፣ ሱቅ፣ መጸዳጃ ቤትም ሆነ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ የለም። ስለዚህ ለአንድ ሰው ቢያንስ 2 ሊትር ውሃ፣ ምግብ፣ ባርኔጣና ቆሻሻ የሚመለስበት ከረጢት መያዝ ያስፈልጋል። ማልዶ መነሳት ሙቀቱንም የአውቶቡሱንም ግፊያ ያስቀራል።

ባሕሩ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሚስትራል ሲነፍስ የላይኛውን ሞቃት ውሃ ወደ መሐል ባሕር ስለሚገፋው፣ ከሥር ቀዝቃዛው ውሃ ይተካል። በዚህ ምክንያት አየሩ እያቃጠለ ውሃው ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። በሙቀት ደክሞ የመጣ ሰው በድንገት ዘሎ ከመግባት ይልቅ ቀስ በቀስ ሰውነቱን ማላመድ አለበት። ከገደል ላይ መዝለል በየጊዜው ጉዳት ያስከትላል። በአደጋ ጊዜ ለማንኛውም ድንገተኛ ሁኔታ 112፣ ለባሕር ላይ ነፍስ አድን ደግሞ 196 ይደወላል።

ተፈጥሮ የማን ናት?

የምዝገባው አሠራር ያለ ጥያቄ አልታለፈም። ማርሴይ ውስጥ ሰፊ ድኅነት ያለባቸው ሰፈሮች አሉ። ለብዙ ቤተሰቦች በአውቶቡስ ትኬት ዋጋ የሚደረስበት ካላንክ ብቸኛው የበጋ መዝናኛቸው ነው። ያለ ክፍያ መሆኑ ለእነርሱ ትልቅ ነገር ቢሆንም፣ በኢንተርኔት መመዝገብ ግን ስልክና ቅልጥፍና ላለው ያደላል። በአንድ ካላንክ ላይ በር ሲዘጋ ሰዉ ወደ ሌሎቹ ሊጎርፍ ይችላል የሚል ስጋትም አለ።

ያም ሆኖ ሱጂቶን ብቻዋን አይደለችም። በዚያው በፈረንሳይ የፖርክሮል ደሴት በበጋ ቀናት የሚቀበለውን ጎብኚ በ6 ሺህ ገድቧል። በጣሊያኗ ሰርዲኒያ ካላ ጎሎሪትሴ የተባለች ዳርቻ በቀን ከ250 በላይ ሰው አታስተናግድም፤ እርሷ ግን ታስከፍላለች። ጎብኚን በዋጋ መቀነስ ይቻላል፤ በቁጥር መቀነስም ይቻላል። የመጀመሪያው ገንዘብ ያለውን ያስቀድማል፤ ሁለተኛው ቀድሞ የተመዘገበውን።

ፈቃድ ያላገኘ ሰውም ባዶ እጁን አይመለስም። ከሉሚኒ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው ከፍታ ሆኖ ወሽመጧን፣ ገደሎቹንና ቶርፒየር የተባለችውን የጦር ጀልባ የምትመስል ትንሽ ደሴት ቁልቁል ማየት ይቻላል። ገደቡ የተጣለው በዳርቻዋ ላይ እንጂ በዕይታዋ ላይ አይደለም።