የሃምስተር ጉንጭ፦ ተረትና እውነታ

«ሃምስተሩን ጥርሱን ሳያመው አልቀረም፤ ፊቱ አብጧል!» ውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆቻችን ይህን ትንሽ እንስሳ የገዛን ሁሉ፣ አንድ ምሽት ጭንቅላቱ እጥፍ ሆኖ ስናየው መደንገጣችን አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያ እብጠት ስንቅ ነው።

ሃምስተር በግራና በቀኝ ጉንጩ ውስጥ እስከ ትከሻው ኋላ የሚዘረጋ ኪስ አለው። ቆዳው ስስ ነው፤ ምራቅ የሚያመነጭ እጢም ስለሌለው የያዘው እህል ብዙም ሳይርስ ይጓዛል። «እዚያው ያላምጠዋል» የሚሉ አሉ፤ ስህተት ነው። ኪሱ እንደ ስልቻ መጫኛ ብቻ ነው፣ መብሉ በኋላ ጎጆው ሲገባ ነው። ስግብግብም አይደለም። በየቤቱ የምናየው ወርቃማው ሃምስተር አገሩ ሶርያ፣ አሌፖ አካባቢ ነው። በ1930 እ.ኤ.አ. እስራኤል አሃሮኒ የተባለ የእንስሳት ተመራማሪ አንዲት እናት ከነግልገሎቿ ከጉድጓድ አስቆፍሮ ግልገሎቹን ወደ ኢየሩሳሌም ወሰደ፤ ዛሬ በሰው ቤት ያሉት ወርቃማ ሃምስተሮች በአብዛኛው የእነዚያ ዘር ናቸው። በአገሩ ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ የሚበላ ሃምስተር ራሱ የሌላ እንስሳ መብል ይሆናል። ስለዚህ ለቅሞ፣ ጭኖ፣ ጉድጓዱ ይገባል።

«እናቲቱ ልጆቿን ዋጠች» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ሽሽት ነው። ስትደነግጥ ግልገሎቿን በጉንጯ ይዛ ቦታ ትቀይራለች። እርግጥ ነው፣ የተረበሸች እናት ግልገሎቿን የምትበላበት ጊዜም አለ፤ እንደወለደች ጎጆዋን አትነካኩባት።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ በደግነት የሚደረገው ጉዳት ነው። «እንዳይበርደው» ተብሎ ጥጥ ይነጠፍለታል። ጥጡን ጉንጩ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል፤ ተጣብቆ ይቀራል፤ ከዋጠው አንጀቱን ይዘጋል፤ ክሩ እግሩ ላይ ተጠምጥሞ ደም ያግዳል። ሽታ የሌለው ነጭ ሶፍት ቀዳዶ መስጠት በቂ ነው። ከረሜላ፣ ማርና የለውዝ ቅቤም ኪሱ ውስጥ ይጣበቃሉ። ሹል ገለባ ደግሞ ስሱን ቆዳ ወግቶ መግል ያስይዛል።

«ኪሱን በየጊዜው ማጠብ ያስፈልጋል» የሚለውን ጨርሶ እርሱት። ጤነኛ ሃምስተር ራሱ በፊት እግሮቹ ገፍቶ ያራግፈዋል። የእናንተ ሥራ ማየት ነው፦ ሌሊቱን አድሮም ያልጎደለ እብጠት፣ በተለይ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ መጥፎ ጠረን፣ ለሃጭ፣ ጉንጩን ደጋግሞ ማከክ፣ ምግብ መተው። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ በጣት ወይም በጆሮ ኩክ ማውጫ አትጎርጉሩት። ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት፤ የተጣበቀውን ሐኪሙ ብዙ ጊዜ አደንዝዞ ነው የሚያወጣለት።

ከአፉ ጎን ሮዝ እርጥብ ሥጋ ተንጠልጥሎ ከታየ ኪሱ ተገልብጦ ወጥቷል ማለት ነው። አትቁረጡት፣ አትጎትቱት። በሳላይን (በሕክምና የጨው ውሃ) በራሰ ጎዝ እንዳይደርቅ አድርጋችሁ፣ ሳታሳድሩ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።