ያውቁ ኖሯል? ማሞ ወልዴ የጀመረው በክሪኬት ሜዳ ነው

ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው። ዋናው ስታዲየም የአውስትራሊያውያን ዝነኛ የክሪኬት ሜዳ ነበር። በ1877 የመጀመሪያው የክሪኬት ‹ቴስት› (የብሔራዊ ቡድኖች) ግጥሚያ የተካሄደው እዚያው ሲሆን፣ የአውስትራሊያው ተጫዋች ቻርለስ ባነርማን ብቻውን 165 ነጥብ አስቆጥሯል። ቡድኑ በዚያ ዙር ያገኘው በጠቅላላው 245 ነበር! ጨዋታውን ያቋረጠውም ኳስ ጣቱን ስለጎዳው ብቻ ነው። ይህ የነጥብ ድርሻ እስካሁን በቴስት ክሪኬት ክብረ ወሰን ሆኖ ቆይቷል።

ከ79 ዓመት በኋላ በዚያው ሜዳ 800 እና 1,500 ሜትር የሮጠው ወጣቱ ማሞ ወልዴ ግን ማጣሪያውን አላለፈም። ርቀቱ ያንሰው ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ፣ ለኢትዮጵያ ደጋ ልጅ ብርቅ ባልሆነው 2,240 ሜትር ከፍታ፣ በ10,000 ሜትር ብር አገኘ። አበበ ቢቂላ በጉዳት ማራቶኑን ሲያቋርጥም በ36 ዓመቱ ወርቁን ወሰደ። በ1972 ሙኒክ ላይ ደግሞ በ40 ዓመቱ የማራቶን ነሐስ ጨመረበት።