ሰንጢ ስትገዙ ምስማሩን እዩ

የሰንጢ ስም የሚነሳው ወይ በፖሊስ ዜና፣ ወይ ኬላ ላይ ኪስ ሲበረበር ነው። ቀኑን ሙሉ የሚሠራውን ሥራ የሚያነሳለት የለም። ሐርተሼክ ገበያ ውስጥ አንድ ጠዋት ቆሞ ማየት ይበቃል፤ የቦንዳ ማሰሪያ ይበጠሳል፣ የስኳር ጆንያ አፉ ይፈታል፣ መፋቂያ ይላጣል፣ ብርቱካን ይቆረጣል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ከኪስ ወጥቶ ኪስ የሚገባ፣ ሲታጠፍ ከመዳፍ የማይበልጥ መሣሪያ ነው።

ሐርተሼክ ከጅግጅጋ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በሶማሌላንድ ድንበር አቅራቢያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1988 ሀርጌሳ በጦርነት ስትፈርስ የሸሸው ሕዝብ እዚህ ሰፈረ። የስደተኞች ካምፑ ከ250,000 በላይ ሰው ይዞ ከዓለም ግዙፎቹ አንዱ እስከመባል ደርሶ፣ በ2004 ተዘጋ። በበርበራ ወደብ ገብቶ በቶጎ ጫሌ በኩል የሚመጣው ዕቃ ግን በአካባቢው ገበያዎች ዛሬም አለ፤ ሰንጢም ከባትሪና ከእጅ መብራት ጎን ተደርድሮ ይጠብቃል።

ገዢው ሁሉ የሚያደርገው አንድ ነው። ሰንጢውን ከፍቶ ስለቱን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፣ የክንዱን ፀጉር ይላጭበታል፣ «ኧረ ይሄስ ይቆርጣል!» ብሎ ይከፍላል። ከሰው ጋር የምጣላው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ የተሳለ ሰንጢ ነገ ይዶለዱማል፤ ዛሬ የዶለዶመውም ማታ ድንጋይ ላይ ሲፈገፈግ ይሳላል። ስለቱን ባለቤቱ ያወጣዋል። ከፋብሪካ ተበላሽቶ ከመጣ የማይመለሰው መጋጠሚያው ነው።

ተራው ሰንጢ መቆለፊያ የለውም። ብረቱ አንዲት ምስማር ላይ ይዞራል፤ ከእጀታው ጀርባ ያለው ሞላ ደግሞ የብረቱን ጭራ እየተጫነ ሲከፈት እንደተከፈተ፣ ሲዘጋም እንደተዘጋ ያቆየዋል። ምስማሩ ከላላ ሞላው የቱንም ያህል ቢጠነክር ብረቱ በሥራ መሀል ይወላገዳል፤ የሚወላገድ ብረት ደግሞ የሚሄደው ወደ ጣት ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሰንጢውን ክፈቱ፤ እጀታውን ጨብጣችሁ የብረቱን ጫፍ ከጀርባው በኩል በሁለት ጣት ያዙና ወደ ጎን ወዲህና ወዲያ ግፉት። ከተነቃነቀ መልሱት። «ሲለምድ ይጠብቃል» የሚል ሻጭ አይጠፋም፤ ምስማር ሲለምድ ይላላል እንጂ ሲጠብቅ አላየሁም። ቀጥሎ ዝጉትና ከላይ እዩት። ብረቱ በሁለቱ ጎኖች መካከል ይግባ፤ አንዱን ጎን ከታከከ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ስለቱ ይበላል። ጫፉም ጠልቆ ይግባ፤ ብቅ ያለ ጫፍ ኪስ ይቀዳል። ከዚያ ወደ ፀሐይ አንሱት፤ የሐርተሼክ ፀሐይ ለዚህ ሥራ አትሰስትም። በሞላውና በጎኖቹ መካከል ብርሃን ሾልኮ ከታየ በዚያው ቀዳዳ አቧራ ይገባል፤ አቧራው ምስማሩን እንደ አሸዋ ወረቀት እየፈገፈገ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። በመጨረሻ ጆሮ ስጡት፤ ጥሩ ሞላ ሲከፈትም ሲዘጋም ጥርት ያለ «ቀጭ» ይላል።

አንዲት ነጋዴ እናት ደጃፍ ላይ ሰንጢ በሰንጢ ወደ ፀሐይ ሳነሳ ቆይቼ «ኤዶ (አክስቴ)፣ ሌላ የለዎትም?» ብላቸው፣ «ልትገዛ ነው ወይስ ጨረቃ ልታይ?» አሉኝ። ኋላ ግን ከካርቶን ሥር አንድ አቧራ የጠገበ ሰንጢ አወጡ። ስለቱ ቅቤ አይቆርጥም፤ ምስማሩ ግን ንቅንቅ አይልም። እሱን ገዛሁ፤ በርካሽ ሰጡኝ፣ ማንም አልፈለገውማ።

ምስማሩ ተቀጥቅጦ ከታሰረ፣ ሲላላ በመዶሻ መታ መታ ማድረግ ለጥቂት ጊዜ ያጠብቀዋል፤ ቀዳዳው ከሰፋ ግን ተመልሶ ይላላል። በብሎን የተያያዘውን ግን በትንሽ ካቻቢቴ ራሳችሁ ታጠብቁታላችሁ። ሁለቱ እኩል ጥሩ ሆነው ከቀረቡላችሁ ባለብሎኑን ውሰዱ።

መቆለፊያ ያለው ለሚወጋ ሥራ ይሻላል። የፈረንሳዩ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ በእጅ የምትዞር የብረት ቀለበት አለው፤ ከዚያ የቀለለ መቆለፊያ አላውቅም። ቀይ እጀታና መስቀል ያለበት ሁሉ ደግሞ ስዊስ አይደለም። የእውነተኛው ስዊስ ሰንጢ ፈጣሪ ካርል ኤልሰነር ሰንጢውን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፤ መሳዩ ግን ዛሬም በየገበያው እየተወለደ ነው።

ብረቱ ላይ «ስቴንለስ» የሚለው ጽሑፍ ክሮሚየም እንዳለበት ይናገራል፤ ስለ ጥንካሬው ምንም አይልም። ክሮሚየሙ ቢኖርም ላብና የሎሚ ውሃ ካደረበት ይዝጋል፤ ዝገቱም የሚጀምረው ማንም ከማያየው ከመጋጠሚያው ነው። ጠርጋችሁ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ምስማሩ ላይ አድርጉ። የምግብ ዘይት የምታደርጉ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ፤ ሲቆይ ሙጫ ይሆናል።

ለመሳል ሞረድ ከሌለ ሲኒ ገልብጡ። ከሥሩ ያለው ቀለበት ቅብ ስለሌለው ይስላል። ብረቱን ወደ 20 ዲግሪ ያህል አዘንብላችሁ፣ ሳትጫኑ፣ ሁለቱንም ወገን እኩል አስኪዱት። አጥንት በሰንጢ መቁረጥ፣ ጣሳ መፈልቀቅ፣ ብሎን መፍታት ግን ምስማሩን ይገድለዋል፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ሰንጢዬን ቢለምነኝ አላውሰውም።

ከጅግጅጋ ገራድ ዊልዋል አውሮፕላን ማረፊያ የምትሳፈሩ ከሆነ ሰንጢውን ከኪስና ከእጅ ሻንጣ አውጥታችሁ ለጭነት በምትሰጡት ሻንጣ ውስጥ ክተቱት። ፍተሻው ላይ «መፋቂያ ልልጥበት ነው» ማለት አያስመልሰውም።