አዲስ ፋይል በስሪት መቆጣጠሪያ ሥርዓት፦ ሞክሼ ፊደላትና የቋንቋ ማስረጃ ጥበቃ

አንድ የንግግር ግልባጭ በኮምፒዩተር አቃፊ ውስጥ መቀመጡ ብቻ በስሪት መቆጣጠሪያ ሥርዓት ተመዝግቧል አያሰኝም። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ጊት አዲስ ፋይልን በራሱ አይመዘግብም፤ በአቃፊው ውስጥ መኖሩን ብቻ ያመለክታል። ምዝገባው በሁለት ደረጃ ይፈጸማል። «ጊት አድ» የተባለው ትእዛዝ ፋይሉ በዚያች ቅጽበት ያለውን ይዘት ለምዝገባ ያዘጋጃል፤ «ጊት ኮሚት» ደግሞ የተዘጋጀውን በታሪክ መዝገቡ ያጸናል። በሁለቱ መካከል የታረመ ቃል፣ ፋይሉ ዳግም ካልታከለ፣ ከዚያ ምዝገባ ውጭ ይቀራል።

ካርቱም አማርኛና ትግርኛ ከሱዳን ዐረብኛ ጋር ለረጅም ዘመን የተገናኙባት ከተማ ናት። በከተማዋ ሳጃና ሰፈር ለሚቀረጽ ንግግር አንዱ አጥኚ ፋይሉን «ሳጃና»፣ ሌላው «ሣጃና» ብሎ ቢሰይመው፣ ለአንባቢ አንድ የሆነው ስም ለጊት ሁለት ነው፤ የእርማቱም ታሪክ ለሁለት ይከፈላል። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ የግእዝን ፊደል ሲያካትት ለእሳቱ ሰ እና ለንጉሡ ሠ የተለያየ ቁጥር ሰጥቷል። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ሳ እና ሣ የሚለያዩት በመጨረሻው ባይት ብቻ ነው።

ጊት ቅንብሩ ካልተለወጠ የግእዝ ስሞችን በስምንትዮሽ ቁጥር ያሳያል። ሳ «\341\210\263»፣ ሣ «\341\210\243» ሆነው ስለሚታዩ ልዩነቱን በዓይን መለየት ያዳግታል። «ኮትፓዝ» የተባለው ቅንብር ሲጠፋ ፊደላቱ በመልካቸው ይነበባሉ፤ ሁለቱ ፋይሎች ግን ሁለት እንደሆኑ ይቀራሉ። ስለዚህ ሞክሼ ፊደላት በፋይል ስም እንዴት እንደሚጻፉ የመጀመሪያው ፋይል ከመታከሉ በፊት መወሰን ይገባል። ይዘቱም በዩቲኤፍ-8 መቀመጥ አለበት፤ በዩቲኤፍ-16 የተቀመጠውን ጊት እንደ ሁለትዮሽ ፋይል ስለሚቆጥረው የመስመር ለመስመር ልዩነቱን አያሳይም።

የተመዘገበውም ቢሆን «ጊት ፑሽ» ወደ ሌላ ስፍራ እስኪያደርሰው ድረስ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ይኖራል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ሲቀሰቀስ ብዙ ነዋሪ ንብረቱን ትቶ ከከተማዋ ወጥቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚተርፈው ግልባጭ የታከለው፣ የተመዘገበውና አስቀድሞ ከከተማዋ ውጭ የተላከው ነው።