ግብረ ገብና የሕይወት ዕቅድ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

በኢትዮጵያ መንግሥታዊ ትምህርት ቤቶች የሥነ ምግባር ትምህርት መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ስሙና ይዘቱ ሲለወጥ ኖሯል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ግብረ ገብ ይባል ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ቦታውን የሶሻሊዝም ፖለቲካ ትምህርት ወሰደው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት መጣ፤ የሕግ የበላይነትን፣ ፍትሕን፣ ኃላፊነትን፣ ታታሪነትንና ቁጠባን ጨምሮ 11 እሴቶችን ያስተምር ነበር። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብን ለአንደኛ ደረጃ መልሶ፣ ከዚያ በላይ ላሉት ክፍሎች የዜግነት ትምህርትን መድቧል።

ስሙ ይለዋወጥ እንጂ ችግሩ አንድ ነው። እሴት በምርጫ ጥያቄ ሲለካ ተማሪው ትርጉሙን ሸምድዶ ውጤት ያገኛል፤ ታማኝነትና ኃላፊነት ግን የሚለመዱት በተግባር ነው።

የሕይወት ዕቅድ ጉዳይ ከዚህ የባሰ ቸል ተብሏል። ለረጅም ጊዜ የተማሪውን መንገድ የሚወስነው የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበር፤ ከዚያ ወደ መሰናዶ ወይም ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። ያ ፈተና ከቀረ በኋላ ሸክሙ በ12ኛ ክፍል ላይ ወደቀ። የ2014 ዓ.ም. ፈተናን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ለብዙኃኑ ሌላ መንገድ አስቀድሞ ማሳየት ግድ ነው። ይህም በጊዜ ሰሌዳ የተያዘ የምክር ሰዓትና ሥራውን የሚያውቅ አማካሪ ይጠይቃል።

ለእሴት ትምህርቱም ሆነ ለሕይወት ዕቅዱ በየአካባቢው የሚያግዝ ሀብት አለ፤ ለምሳሌ ሐረር የራሷ አላት። ከኤረር በር እስከ ሸዋ በር በተዘረጋው በግንብ የታጠረ አሮጌ ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ፣ አፎቻ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር ሰርግና ለቅሶን በጋራ ያስተናግዳል፤ ወጣቱም ከታላላቆቹ ተራ መጠበቅን፣ አደራ መጠበቅንና ለጎረቤት መድረስን ይማራል። ሙያም በቅርብ ይታያል፤ ሴቶች ስፌት ይሰፋሉ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎች ይሠራሉ፣ ነጋዴው በገበያው ይነግዳል።

ይህ እውቀት ከትምህርት ቤት ጋር የሚገናኘው ሥርዓት ሲበጅለት ነው። የአፎቻ ሽማግሌዎችና ባለሙያዎች በትምህርት ቤት ክበባት ቢጋበዙ፣ ተማሪዎች በሥራ ቦታ ልምምድ ቢያገኙ፣ አማካሪው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ እያንዳንዱን ተማሪ ቢከታተል፣ መጽሐፉ የሚዘረዝረው እሴት የዕለት ልማድ ይሆናል፤ ከፈተናው በኋላ ያለው ሕይወትም አስቀድሞ የታሰበበት ይሆናል።