ቀኑ ሳይደርስ ለተወለደ ሕፃን የቤተ ሰብና የጐረቤት ድርሻ

በአገራችን ልማድ አንዲት ሴት በሰላም ስትገላገል እልልታ ይሰማል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ ጐረቤትም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት እየተከታተለ ይገባል። አራሲቱ ከአልጋዋ ሳትነሣ ሌላው ሰው ውሃዋን ያሞቃል፤ አጥሚቷን ያቀርባል፤ ትልልቆቹን ልጆቿን ይጠብቃል። ይህ ልማድ የደስታ መግለጫ ብቻ ሳይሆን ታላቅ የጤና ጥበቃ ሥራ ነው። ነገር ግን ሕፃኑ ቀኑ ሳይደርስ ተወልዶ ወይም ታሞ በሆስፒታል ሲቀር፣ ይህ ሁሉ በድንገት ይቋረጣል። እልልታው ይቀራል፤ ገንፎውም አይገነፋም፤ ጐረቤትም «ምን ብለን እንጠይቃት?» እያለ እግሩን ይሰበስባል። እናቲቱ ሰው አብዝቶ በሚያስፈልጋት ሰዓት ብቻዋን ትሆናለች። ይህ መራቅ እናቲቱን ብቻ ሳይሆን ሕፃኑንም የሚጐዳ ስለ ሆነ፣ ምክንያቱን ቀጥለን እናስረዳለን።

ሕፃን በማሕፀን 37 ሳምንት ሳይሞላው ሲወለድ ቀኑ ያልደረሰ ይባላል። ሲወለድ ክብደቱ ከ2,500 ግራም ያነሰ ከሆነም ልዩ ጥንቃቄ ያሻዋል። ሳንባው ገና ስላልጠነከረ መተንፈስ ይከብደዋል። ቆዳው ስስ፣ ከቆዳውም በታች ያለው ስብ ጥቂት ስለ ሆነ ሙቀቱ ቶሎ ይሸሻል። ዕድሜው 34 ሳምንት ገደማ እስኪሞላው ድረስ መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን ማስተባበር ስለማይችል፣ የታለበው የእናቱ ወተት በቀጭን ቱቦ ወይም በስኒ ይሰጠዋል። በሽታ የመከላከል ኃይሉም ደካማ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ በቅዱስ ጳውሎስ፣ በጥቁር አንበሳና በጋንዲ መታሰቢያ፣ እንዲሁም በጐንደርና በጅማ ሆስፒታሎች የተካሄደ አንድ ሰፊ ጥናት በ2019 (በኤውሮጳ አቈጣጠር) ታትሟል። ጥናቱ እንዳመለከተው፣ ቀናቸው ሳይደርስ ተወልደው ከሞቱት ሕፃናት መካከል 45 ከመቶው የሞቱት ከሳንባ አለመጠንከር በመጣ የመተንፈስ ችግር፣ 30 ከመቶው በተሐዋስያን በሽታ፣ 14 ከመቶው ደግሞ ሲወለዱ በመታፈን ነው። የመጀመሪያውና የሦስተኛው መከላከያ በአብዛኛው በሐኪሙ እጅ ያለ ነው፤ ሁለተኛው ግን በታጠበ እጅና በእናት ወተት በብዙ ሊቀነስ የሚችል ነው።

ብርድን ለመከላከል ሆስፒታሎች የማሞቂያ ሣጥን አላቸው። በ1978 (በኤውሮጳ አቈጣጠር) ግን በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ሣጥኑ ለሕፃናቱ ሁሉ ባለመዳረሱ፣ ዶክተር ኤድጋር ሬይ የተባሉ ሐኪም ሕፃናቱን በእናቶቻቸው ደረት ላይ ማሳቀፍ ጀመሩ። ካንጋሩ የተባለችው እንስሳ ግልገሏን በሆዷ ከረጢት ስለምታሳድግ፣ ዘዴው የካንጋሩ እንክብካቤ ተባለ። ሕፃኑ ከሽንት ጨርቁ፣ ከቆቡና ከእግር ሹራቡ በቀር ራቁቱን ሆኖ በእናቱ ጡቶች መካከል ቀጥ ብሎ ይታቀፋል፤ ራሱም ወደ ጐን ዘወር ይላል፤ ከዚያም በጨርቅ ታስሮ በላዩ ልብስ ይደረባል። በአገራችንም ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ዶክተር አሳየ ካሴ በአዲስ አበባ አጥንተውት ውጤቱ በ2005 (በኤውሮጳ አቈጣጠር) ታትሟል። ቶሎ በደረት ከታቀፉት ሕፃናት የሞቱት 22.5 ከመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው አያያዝ ከቆዩት ግን 38 ከመቶ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 (በኤውሮጳ አቈጣጠር) ባወጣው መመሪያ፣ እንክብካቤው ከወሊድ በኋላ ወዲያው ተጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲደረግ መክሯል።

እንግዲህ አንባቢ ይህን ያስብ። እናቲቱ ቀኑን ሙሉ ሕፃኑን ታቅፋ፣ በዚያም ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 8 ጊዜ ወተቷን እያለበች፣ ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብና መድኃኒት ለመግዛት መሮጥ እንዴት ይቻላታል? ስለዚህ የሕፃኑ መድኃኒት የእናቱ ደረትና ወተት ከሆነ፣ እናቲቱን የሚደግፍ ሁሉ ሕፃኑን ያክማል ማለት ነው።

የቁስቋም ነዋሪዎች ለዚህ ትምህርት ሩቅ አይደሉም። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ፣ ቤተ ክርስቲያኑም በግብጽ ካለው የስደት ተራራ ነው። በትውፊታችን እመቤታችን ሕፃኗን ታቅፋ ስትሰደድ ዮሴፍና ሰሎሜ አብረዋት ነበሩ እንጂ ብቻዋን አልሄደችም። በእንጦጦ ግርጌ ያለው የማለዳ ብርድ ብርቱ ቢሆንም፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የሚሠሩት ነጠላና ጋቢ ሕፃኑን በደረት ለማሰርና ለመደረብ እጅግ የተመቸ ነው። የቅዱስ ጳውሎስና የየካቲት 12 ሆስፒታሎችም ከሠፈሩ ሩቅ አይደሉም።

ቀጥሎ ያሉትን ነገሮች ማናቸውም ቤተ ሰብና ጐረቤት ሊፈጽማቸው ይችላል።

1ኛ/ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ማለትን አታስቀሩ። ሕፃኑ በሕይወት ሳለ «አይዞሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» ማለት ግን ማጽናናት ሳይሆን ተስፋ ማስቈረጥ ነው።

2ኛ/ ገንፎውና አጥሚቱ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ፣ ክፍሉ በፈቀደው ሰዓት ይድረስ።

3ኛ/ እናቲቱ ስትደክም አባት ወይም አያት ደረታቸውን ታጥበው ሕፃኑን ይቀፉ። ልጅን በደረት ማቀፍ የአባትን ክብር ከፍ ያደርጋል እንጂ አይቀንስም።

4ኛ/ ሕፃኑን የሚነካ ሁሉ ቀለበቱንና ሰዓቱን አውልቆ እጁን እስከ ክንዱ በሳሙና ይታጠብ። ጉንፋን ወይም ሳል የያዘው ሰው አይቅረብ። ማንም ሕፃኑን አይሳም።

5ኛ/ በቤት የቀሩት ልጆች አይረሱ። መምህራን ሆይ፣ አርፍዶ የሚመጣ ወይም ቁርስ ሳይበላ በክፍል የሚያንቀላፋ ተማሪ እናቱ በሆስፒታል ትሆን ይሆናልና፣ ከመቅጣት በፊት መጠየቅ ይገባል።

6ኛ/ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ሦስቱ ቀን ሕፃኑ ከሆስፒታል ሳይወጣ ስለሚያልቅ፣ የሥራ ባልደረቦች ተራ እየገቡ አባትየውን ቢያግዙት ትልቅ ውለታ ነው።

7ኛ/ እድር ለሞት ብቻ ሳይሆን ለሕይወትም ይድረስ። ለቀብር ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለመጓጓዣና ለስንቅ አስቀድሞ ቢሰጥ፣ በችግር ምክንያት ሕፃኑን ያለ ሐኪም ፈቃድ ይዞ መውጣት ይቀራል።

ሕፃኑ ወደ ቤት ሲመለስም ሥራው አላለቀም። የደረት እቅፉ ይቀጥላል፤ የሚዛንና የምርመራው ቀጠሮም አይታለፍም። ቅቤ ማዋጥ፣ ውሃ ማጠጣት፣ እንጥል ማስቈረጥ፣ በተዘጋ ቤት ከሰል ማንደድ አደጋ ያመጣሉና ይከልከሉ። ሕፃኑ መጥባት ቢያቆም፣ ገላው ቢቀዘቅዝ ወይም ቢያተኩስ፣ በደቂቃ 60 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ቢተነፍስ፣ ቢንቀጠቀጥ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ቢሆን፣ ነገ ሳይባል ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ጥረቱ ሁሉ ተደርጎ ሕፃኑ ቢያርፍም፣ «ገና ጨቅላ ነው» ተብሎ ሐዘኑ አይናቅ። እናቲቱ ወልዳለችና የአራስነት እንክብካቤ አይጓደልባት። በዚህ ወር በሠፈራችሁ ወልዳ ባዶ እጇን ወደ ቤት የገባች ወይም በሆስፒታል የቀረች እናት ካለች፣ ዛሬውኑ ጠይቋት።